አሥር ሲጋሮችና ትንሿ ጀሪካን

ጥር 8፣ ዓርብ
ዛሬ በጡረታ ተሸኘሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጥፋት በቃለ ጉባኤ ስጽፍ ኖሬ... ልጄን የሚያህለው አለቃዬ ስሜን አሳስቶ ጠራኝ። ስጦታው አሥር ሲጋር፣ ያ አውራ ጣት የሚያህለው የትንባሆ ጥቅል፣ በእንጨት ሳጥን። እንግዳ ትቶለት የሄደ መሆን አለበት። ሲጋራ እንኳ አጭሼ ለማላውቅ ሰው!

የማርያምወርቅ ሳጥኑን አየችው። «ይኼ ነገር ከቤቴ ይውጣ» አለች። ሚስቴ በትንባሆ አትደራደርም። እሺ ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከካፖርቴ ሥር ደበቅኩት።

ጥር 10፣ እሑድ
ቀበና፣ ሬድዋን ሱቅ። ድሮ ሆቴል ሲሠራ ሲጋር ይሸጥ ነበር። «ጋሽ ልደቱ፣ ጭሱን እንዳይውጡት፤ አፍ ውስጥ ብቻ ነው» አለኝ። መሀሉ የተጠቀለለ ቅጠል፣ እሱን የሚያስር ሌላ ቅጠል፣ ከላይ ደግሞ ልባሱ። ጣዕሙ በአብዛኛው ከልባሱ ነው ይላል። «ደብተር ይያዙ። ቀኑን፣ ጣዕሙን፣ አመዱን ይጻፉ። አለዚያ ሁሉም ጭስ ነው።»

መጻፍ እንኳ እችላለሁ። ሌላ ምን እችላለሁ?

ጥር 13፣ ረቡዕ
ቁጥር 1። እንጦጦ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ። ልባሱ ተሰነጠቀ። ጣዕም፦ የተቃጠለ ጆንያ። አመድ፦ ሱሪዬ ላይ።

ሬድዋን ሳቀብኝ። «ደርቋላ! ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ያድርጉ።»

ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልጠራኝም... ወደድኩት።

ጥር 14፣ ሐሙስ
የማርያምወርቅ ከእንጦጦ ማርያም ጠበል ቀድታ መጣች። ጉልበቷ ከክረምት ጀምሮ አላስቆም አላስቀምጥ ብሏታል። ከነገ ጀምራ ሰባት ቀን ትጠጣለች፤ ለአስተርእዮ ማርያም ትጨርሳለች። ስለ ጀሪካኑ የሆነ ነገር ስትነግረኝ ዓይኔ ደብተሬ ላይ ነበር። «እሺ» አልኳት።

ጥር 16፣ ቅዳሜ
ቁጥር 2። አሁንም ደረቅ። እጄ ሸተተ።

ውሃ ከጠፋ አራት ቀን። ቤታችን የጀሪካን መጋዘን ነው፤ ሁሉንም ነቀነቅኩ፣ ባዶ። ከበሩ ኋላ አንዲት ትንሽ አገኘሁ። እጄን በደንብ ታጠብኩ፣ ስፖንጁንም አራስኩ።

ጥር 18፣ ሰኞ
ቁጥር 3። አልተሰነጠቀም። ጣዕም፦ የተቆላ ለውዝ። አመድ፦ ነጭ፣ ጠንካራ። የመጀመሪያው ጥሩ ሲጋር!

ቤት ስገባ የማርያምወርቅ ትንሿን ጀሪካን አንስታ ታያለች። «ለሰባት ቀን ለክቼ ነው የቀዳሁት። እንዴት አለቀብኝ?»

ለካ «ከበሩ ኋላ ያለውን እንዳትነካ» ነበር ያለችኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይላሉ... የኔ ባሰ። በሚስቴ ጠበል ሲጋር የሸተተ እጄን ታጠብኩ።

ጫማዬን ማውለቅ ያዝኩ። «ሳላውቀው አብዝቼ ይሆናል» አለች። ነገ ወጥታ ቀድታ ከአንድ ትጀምራለች። ለበዓሉ አይደርስላትም።

ጥር 19፣ ማክሰኞ
ወጣች። ግድግዳ እየተደገፈች ተመለሰች። ጉልበቷ ድፎ ዳቦ አክሏል። «እኔ ልቅዳልሽ» ማለት አቅቶኝ ነው? ፈሪ።

ጥር 20፣ ረቡዕ
ነገርኳት። ስፖንጁን፣ እጄን፣ ሁሉንም። ትጮሃለች ብዬ ነበር።
«ትናንት ስወጣ ታውቅ ነበር?»
አዎ።
«ስመለስስ? ጉልበቴን እያየህ?»
አዎ።

ስለ ሲጋሩ ቢሆን ይቅርታውን ተለማምጄ ነበር... ስለ ሲጋሩ ቃል አልወጣትም። ማታ፣ ትናንት የቀዳችውን ጠበል ጎረቤታችን ሰርክ ቤት ወስዳ አስቀመጠችው።

ጥር 21፣ ሐሙስ
በማለዳ ዳገቱን በባዶ እግሬ ወጣሁ። የበዓሉ ሕዝብ ለጉድ ነው። ተሰልፌ ቀዳሁ፣ ተሸክሜ ወረድኩ። ተረከዜ ተሰነጣጥቋል። በሩ ላይ ጀሪካኑን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት።

አልተቀበለችኝም።

«አስቀምጠው» አለች። «ለሲጋሮችህ ይሆናል።»

እያነከሰች ሰርክ ቤት ሄደች፤ ጠበሏን እዚያ ነው የምትጠጣው።

ሳጥኑን ከፈትኩት። ሰባት ቀርተዋል። ስፖንጁ አሁንም እርጥብ ነው።