የራሰ በራው ተንታኝ ቃል

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም። መጀመሪያ ልነግርህ የሚገባ አንድ ነገር ስላለ፣ እሱን ዘልዬ ሌላውን ማውራት ስላቃተኝ ነው።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ አሁንም ኳስ በሚታይበት በሐጂ ሰይድ ናዲ ከእኔ ጋር ሻይ ታፈላለች። አንተ እያለህ ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም መምጣት የጀመረው ተፈናቃይ አሁን ከተማችንን ገዳሪፍን ሞልቷታል። ሐጂ ሰይድ የናዲውን ግማሽ ግቢ ለሁለት ቤተሰብ ለቀቀላቸው፤ ኳስ የምናየው የልጆቻቸው ልብስ ታጥቦ ከአናታችን በላይ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነው። ካህረባው፣ መብራቱ፣ ከሚመጣበት የሚጠፋበት ስለበዛ ጣሪያው ላይ ሶላር ተገጥሟል። ደመና በዋለ ቀን ታዲያ ቴሌቪዥኑ በሁለተኛው አጋማሽ ድርግም ይላል። አንተ ዳቦ ትጋግርበት የነበረው ፉርን ዱቄት በተገኘ ቀን ብቻ ይከፈታል።

ሰዎቹ ግን አልተለወጡም። ሰማያዊ ኮት የማይለየው የቴሌቪዥኑ ተንታኝ ዛሬም ግብ ያገባን ሁሉ ያሞግሳል፤ ወዳጅህ ጋሽ ተካም ዛሬም «ይሄ ሰውዬ ጨዋታውን አያይም፣ ውጤቱን አንብቦ ነው የሚመጣው» እያለ ይሰድበዋል። በረኛ የነበረው ተንታኝ ስለ ሌላ ሰው ተጠይቆ ስለ ራሱ ዘመን ያወራል። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሲመረጥ ናዲው ለሁለት ይከፈላል፤ ለሳምንት ተኳርፎ ጀርባ ለጀርባ ሻይ የሚጠጣ አለ።

ናዲው የሚመጣው ሐበሻ ለገበያና ለሥራ የሚሆን ዐረብኛ አያጣም። የቴሌቪዥኑ ዐረብኛ ግን ይከብደዋል፤ ለዚህ ነበር አንተን የሚጠብቁህ። በወጣትነትህ ትሪፖሊ ውስጥ አራት ዓመት ከአንድ የቱኒዚያ ጋጋሪ ጋር ስለሠራህ፣ የቱኒዚያው ራሰ በራ ተንታኝ ሲናገር ፊትህ ይፈካ ነበር። በእረፍት ሰዓት ትነሳና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመህ ለሁሉም ታስረዳለህ። እያንዳንዱን በየድምፁ ነበር የምትተረጉመው፤ በረኛውን በአፍንጫህ፣ ባለ ሰማያዊ ኮቱን ጉሮሮህን እየጠረግህ። ሰው ጨዋታው ሲያልቅ እንኳ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር።

እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ፣ በሱዳን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ በዐረብኛ ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁ ነበርኩ። ሻይ እያዞርኩ ስሰማህ፣ አንዳንዴ ቃል ስታሳጥር ወይም ከራስህ ስትጨምር እሰማና በሆዴ ናቅ አደርግህ ነበር። መጻፉ ያሳፍረኛል፤ እውነቱ ግን ይሄ ነው።

ያን ቀን አስታውሰው። ሽልማቱ በተሰጠ ማግስት ነበር፣ አሥር ሰዓት ገደማ። ያሸነፈው ግብ አግቢው አጥቂ ነው፤ አንተ ዓመቱን ሙሉ «ግብ የሚቆጥሩ ሰዎች ያዳነውን አይቆጥሩለትም» እያልክ የተሟገትክለት ተከላካይ ሁለተኛ ወጣ። ራሰ በራው ተንታኝ በችኮላ ተናገረ። አንተም ቀና ብለህ፣ «ሽልማቱ አይገባውም ነው የሚለው! እኔ ብሆን ለተከላካዩ እሰጥ ነበር ይላል» አልክ። ጋሽ ተካ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

እኔም ትሪውን እንደያዝኩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ «አባዬ፣ እንዲህ አላለም። ይስታህል ነው ያለው፤ ይገባዋል ማለት ነው» አልኩህ።

ከዚያ የባጃጅ ረክሻ ነጂው በሽር፣ አጥቂውን የሚወደው፣ «ጉድ ነው! እስከ ዛሬ ስንቱን ከሆድህ እያወጣህ ስትነግረን ኖረሃል?» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። አንተ አየኸኝ። ተቆጥተህ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «እሷ ተምራለች፣ ታውቃለች» ብለህ ተቀመጥክ።

ከዚያ በኋላ ትርጉሙን እኔን መጠየቅ ጀመሩ። በኩራት ተረጎምኩ። አንተ ከፊት ወንበርህ ተነስተህ ግድግዳው ጥግ መቀመጥ ጀመርክ፤ ኋላም ሊጡ ይጠብቀኛል እያልክ ጭራሹን መቅረት አመጣህ። በሽር መንገድ ላይ ሲያይህ «ተንታኙ!» ብሎ ይጠራህ እንደነበር እማዬ ነገረችኝ። አንድም ቀን አልከሰስከኝም።

ወር ሳይሞላ የራሰ በራው የዚያ ቀን ንግግር በስልክ ከሰው ወደ ሰው መዞር ጀመረ። ከካርቱም ተፈናቅሎ ግቢው ውስጥ የሚኖረው ኡስታዝ ዑመር ቱኒዚያ የተማረ ነው። ሻይ ልሰጠው ስሄድ ስልኩን እየሰማ ይስቃል። ምን አሳቀህ አልኩት። «ሰውዬው አይፈራም፣ ሽልማቱ አይገባውም አለኮ» አለኝ።

ድጋሚ እንዲያሰማኝ ለመንኩት። ሦስቴ ሰማሁት። ይስታህል ከሚለው ቃል ፊት ትንሽ «ማ» አለች፤ ከኋላው ደግሞ እኛ ሱዳን ውስጥ የማንጠቀምባት «ሽ» አለች። የቱኒዚያ ሰዎች «አይገባውም» ለማለት ቃሉን በሁለቱ መሃል ያደርጉታል። ያን ቀን የማውቀውን ቃል ብቻ ይዤ፣ የማላውቀውን እንዳልተባለ ቆጥሬው ነበር። አንተ በትክክል ሰምተሃል።

እየሮጥኩ ቤት መጣሁ። ሌሊቱን ስትጋግር አድረህ ተኝተህ ነበር። ሲነቃ እነግረዋለሁ ብዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ነቃህ። «ምሳ ላቅርብልህ?» አልኩህ።

ነገ እያልኩ ስምንት ወር አለፈ። ፈርቼህ አልነበረም፤ አንተን ማን ይፈራል? ናዲው ውስጥ የተማረችዋ መባል ጥሞኝ ነው። ለአንተ ብነግርህ ለእነሱም መንገር ሊኖርብኝ ነበር። ያን ጣዕም ላለማጣት ነው አንተን ጥግ ላይ የተውኩህ።

በዝናቡ ወራት ያ ትኩሳት ሲይዝህ አጠገብህ ነበርኩ። በአራተኛው ቀን ትንሽ ተሽሎህ፣ «ትናንት ራሰ በራው ምን አለ?» ብለህ ጠየቅከኝ። አንተ እኔን! የሆነ ነገር መለስኩልህ፤ ምን እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ያኔም እውነቱን አልነገርኩህም። በስድስተኛው ቀን አረፍክ። ቀብርህ ላይ ሰው ስለ ዳቦህና ስለ ደግነትህ ሲያወራ፣ በሽርም አለቀሰ፤ እኔ የማውቀውን ይዤ ቆምኩ።

አምና ሽልማቱ ሲደርስ አሞኛል ብዬ ቤት ዋልኩ። ዘንድሮ ግን፣ ባለፈው ሳምንት፣ እንደ ልማዳቸው ሲጨቃጨቁ ቆይተው «ምን አሉ? ንገሪን» ሲሉኝ ትሪውን አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። የዚያን ቀን አባቴ ልክ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እሱ በሕይወት እያለም አውቄው ነበር አልኩ። ግማሹ ነገሩን ረስቶታል። በሽር አንገቱን ደፍቶ «ተይው እህቴ፣ የኳስ ነገር ነው» አለ።

ጋሽ ተካ ግን አልተወኝም። «እሱ ትክክል መሆኑን ያውቅ ነበር» አለኝ። «ያኑ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ነግሮኛል። ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብለው፣ ልጄን በሰው ፊት ላሳፍራት? አለኝ።»

አባዬ፣ እኔ ያደረግኩብህን አንተ ልታደርግብኝ አልፈለግክም። ይቅር በለኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ገና ሳልጠይቅህ ይቅር ብለኸኝ እንደነበር ሳውቅ ደግሞ ባሰብኝ። ያን ዕለት ውጭ ግቢው ውስጥ ሻይ የምታፈላውን እማዬን ብቻዋን ትቼ ወጣሁ፤ ማታ ሁሉንም ለእሷም ነገርኳት። እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

አሁንም እተረጉምላቸዋለሁ፤ ሌላ የሚተረጉም ስለሌለ። ትናንት ራሰ በራው ፈጠን ብሎ ሲናገር አንድ ቃል አመለጠኝ። ሁሉም ይጠብቁኛል። «ይቺን አልሰማኋትም፤ አባቴ ቢሆን ይሰማት ነበር» አልኳቸው። እንግዳ የሆነ አንድ ሰው አባቷ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ከመመለሴ በፊት በሽር ቀደመኝና ስምህን ከነአባትህ ጠራ።

በሕይወት እስካለሁ፣ ያላወቅኩትን አላወቅኩም ባልኩ ቁጥር፣ ስምህን አብሬ እጠራለሁ።

ልጅህ