ከእናትህ ጉንጭ ላይ ያጠፋኸው

ስማ፣ ዛሬ ፊትህን ማየት ስላልፈለግኩ ሳትመጣ ከስቱዲዮው ወጥቻለሁ። ለምሳ ያመጣሁትን ሩዝ ብላው፣ ለኔ አልወርድ ብሎኛል።

የአዲሱን ካሜራ ሮው ፋይል፣ ያንን ያልተነካውን ጥሬ ምስል፣ አሮጌው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አይከፍተውም። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም። ፕሮግራሙ ካሜራውን በአሥር ዓመት ስለሚበልጠው አያውቀውም። መጀመሪያ ዴስክቶፑ ላይ ባለችው የፋይል መቀየሪያ ቀይረው፣ ከዚያ ይከፈትልሃል።
ይህን ድሮ ልነግርህ ይገባ ነበር። እየመጣህ ስትለምነኝ ደስ ስለሚለኝ ዝም አልኩ። እሺ፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው።

ሌላው ግን ያንተ ነው።

እናትህ ጠዋት መጥተው ነበር። እኔ ያነሳኋቸውን፣ አንተ አስተካክለህ ያሳጠብከውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አገኙት። ጠባሳቸው የለም። ጉንጫቸው እንደ ፕላስቲክ ሳህን ለስልሷል። ላንተ ወተት ሲያፈሉ የተቃጠሉትን ነው እኮ በማውስ ጠርገህ የጣልከው።

ፎቶውን በጣታቸው እየዳሰሱ ቆዩና «ልጄ አፈረብኝ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም እማማ፣ ፕሮግራሙ አርጅቶ ነው፣ ራሱ ነው ያጠፋው» አልኳቸው።

አመኑኝ። እንደዚያ ብዬ በመዋሸቴ ራሴንም ጠላሁት።

ኦርጅናሉ «እማማ» የሚለው ፎልደር ውስጥ አለ። እንዳለ አሳጥበህ፣ ራስህ ውሰድላቸው። እኔን እንዳትልከኝ።

ያ ፕሮግራም ሰው ካላዘዘው አንዲት ነጥብ እንኳን እንደማይነካ አንተም እኔም እናውቃለን።