በእቅፍ ብቻ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ ባለቤትዎና በባለቤትዎ ቦርሳ ውስጥ የምትኖረው ውሻ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ ይብዛልን።

በቀደም ዕለት በር ላይ ጥበቃውን «ይሄ ደግሞ ውሻ ነው ፈረስ?» ብለው ሲጠይቁት ሰምቻለሁ። ጥበቃው ሳቀ እንጂ ስላልመለሰልዎ እኔ ልመልስ፤ ውሻ ነው። ስሙም ሚጢጢ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት እህቴ ናት፤ ያኔ ሹራቧ ውስጥ ገብቶ ይተኛ ነበር።

በማግስቱ በሊፍቱ መስታወት ላይ «ውሻ በሊፍት የሚወጣው በባለቤቱ እቅፍ ብቻ ነው» የሚል መመሪያ ስለለጠፉልን ከልብ አመሰግናለሁ። የገዛ ፊታችንን ከማየት ገላግለውናል። ሆኖም በአፈጻጸሙ ላይ የገጠሙኝን ጥቃቅን ችግሮች እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ ሚጢጢ በክብደት ይበልጠኛል። እሱ እኔን አቅፎ ይውጣ ከተባለ ግን ቅር አይለኝም፤ ከሁለታችን ባለቤቱ ማን እንደሆነም ገና አልለየም። ሶፋውን የያዘው እሱ ነው።

፪ኛ፦ «ደረጃ አለልህ» ተብያለሁ። እውነት ነው፣ እስከ አምስተኛ ፎቅ ድረስ አለልኝ። ነገር ግን የዚህን ዘር ውሻ ደረጃ ዳሌውን ይጎዳዋል፣ ጠንካራ ወለል ክርኑን ይልጠዋል፣ በልቶ ከሮጠ ደግሞ ጨጓራው ይጠማዘዛል። ስለዚህ ፍራሽ ላይ ይተኛል፣ ምግቡን ከፋፍሎ ይበላል፣ ከበላ በኋላ ረዘም ያለ ዕረፍት ይወስዳል። የኮሚቴ አባል ለመሆን የሚጎድለው ማኅተም ብቻ ነው።

፫ኛ፦ «አውሬ» ብለውታል። በእርግጥ ቅድመ አያቶቹ ለነገሥታት ተኩላ ያድኑ ነበር። ተኩላው ሲያልቅ ግን ሥራ ፈቱና ዘራቸው ሊጠፋ ጥቂት ቀረው፤ የተረፉት በጥቂት ወዳጆቻቸው ትጋት ነው። የእርስዎ ኮሚቴ የተቋቋመው የግቢውን አጥር ለማሠራት እንደነበር አስታውሳለሁ። አጥሩ አልቋል። ሥራ ካለቀ በኋላ እንዴት መቀጠል እንደሚቻል የሚያማክራቸው እንደ እርስዎ ያለ ሰው ቢያገኙ ኖሮ፣ እነዚያ ምስኪኖች እንዲያ ባልተጨነቁ።

፬ኛ፦ ግዝፈት ዕድሜ አይሰጥም። ከዚህ ዘር ስምንት ዓመት የሞላው ሽማግሌ ነው፤ ሚጢጢም ሞልቶታል። ሐኪሙ ደረጃ ይቅርበት ብሏል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቁጭ ይልና ያየኛል፤ እኔም መመሪያውን ላስረዳው ሞክሬ አልተሳካልኝም። በቀረው ጊዜ በገዛ እግሩ ቆሞ በሊፍት እንዲወጣ እንዲፈቅዱለት ብቻ እለምናለሁ።

ለሚሰጡኝ ፈጣን ምላሽ፣ ካልሰጡኝም ለዝምታዎ ክብደት፣ ከወዲሁ እጅ እየነሣሁ፣

የአምስተኛ ፎቁ ተከራይዎ፤ በሚጢጢ አጠራር፣ በር ከፋቹ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ጽሕፈት ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወር ስለተቀመጠ፣ አሁን በርዎ ላይ ስለጥፈው ፩ኛው ነጥብ እንዲሰረዝልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሚጢጢ ምግብ ከተወ ሰንብቷል። ትናንት ከሐኪም ስንመለስ መመሪያዎን አክብሬ አቅፌው ወጣሁ። አልከበደኝም።