የፋጡማ አህያ ጭቃ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7። ጧት 3 ሰዓት ከሩብ፣ የአየር ጠባይ መ/ቤት።

ደብተሬ፣ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺኝ። ጧት ረፍዶብኝ እየበረርኩ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስወርድ የብስክሌቱ ፍሬን እምቢ አለ። ቀጥ ብዬ የፋጡማ አህያ ጎን። አህያዋ ወደቀች፣ አንዱ የወተት ቆርቆሮ ተገለበጠ። አሸዋው ወዲያው ጠጣው።

ፋጡማ ከደንገጎ ተራራ ወተት የምታወርድልን ሴት ናት። ጥሩወርቅ ልጄ በሷ ወተት ነው ያደገችው። ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። አንተ ምን ያስሮጥሃል አለችኝ፣ ሰማዩ እንደሆነ የትም አይሄድብህ። ልከፍላት እጄን ኪሴ ስከት ያዘችኝ። አሁን የልጅህ ሰርግ አለብህ፣ ሰርጉ ይለፍ።

አህያዋን ሳነሳ አየሁ። እግሯ ጭቃ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። እዚህ አቧራ ነው። ጠየቅኋት። ላይ ሌሊቱን ሮባ ነበር ወላሂ፣ ዝናብ፣ አለች።

የ3 ሰዓት ንባብ፦ ዝናብ 0። ደመና ከሰማዩ ስምንት እጅ አንድ። ነፋስ ደካማ። በሬዲዮ ለአዲስ አበባ ተላልፏል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 8። ማታ 1 ሰዓት።

አቶ ደምሴ መጥቶ ሄደ። የሙሽራው አባት፣ ባቡር ጋራዥ ፎርማን፣ ድምፁ እንደ መዶሻ። ሦስት ሽማግሌ ይዞ። ግቢዬን በእርምጃ ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አይበቃም። እሁድ የምሳው ዳስ የት ይተከል? ወይ ከቤታችን በር ላይ ጠባቡ መንገድ፣ ወይ ታች ደቻቱ አሸዋ ላይ። አሸዋው ሰፊ ነው፣ ከማዶ ከከዚራ ሰፈር የሚመጣው ሰው በቀጥታ ይወርድበታል።

ሽማግሌዎቹ ፊት ጠየቀኝ፦ «አንተ የጃንሆይ ደመና ቆጣሪ፣ እሁድ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?»

ሁሉም እኔን አዩ። ልቤ አበጠ፣ ለምን እዋሽሻለሁ። ወሩን ሙሉ ጠብታ የለም፣ አሸዋው ላይ ይተከል አልኩ።

አህያዋ ዛሬም እንደ ትናንት ነበረች። አልነገርኳቸውም።

የቀረኝ፦
ሸራ — ከእድር ነገ።
በግ — ለእስላም ጎረቤቶች ሁለት፣ ድስቱ ለብቻ። የሚያርዱት ጎረቤታችን ሼሁ።
ማገዶ — ሁለት ጋሪ።
የእኔ ጫማ — ሶሉ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9። 6 ሰዓት።

ጭቃው እስከ ጉልበት። ሆዷም ላይ ፍንጣቂ አለ።

የሐረር ጣቢያ ዝናቡን በየቀኑ ይለካል። ግን የሚልከው ለአዲስ አበባ ነው። ከአዲስ አበባ በወረቀት እኔ ጋ እስኪደርስ ሳምንት ያልፋል። ተራራው በመስኮቴ ይታየኛል፣ ዝናቡን የምሰማው ግን ከሸዋ ዞሮ ሲመጣ ነው። ስለዚህ እዚሁ አንቺ ላይ የራሴን መዝገብ ከፈትኩ።

ሰኞ — የእኔ ጣቢያ 0፣ አህያዋ ቁርጭምጭሚት።
ማክሰኞ — 0፣ ቁርጭምጭሚት።
ረቡዕ — 0፣ ጉልበት።

መ/ቤት ቢያዩት ይስቁብኛል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10። ማታ።

የዳሱ የብረት ቋሚዎች መጡ፣ ከጋራዥ፣ ደምሴ ራሱ ጭኖ። አሸዋው ላይ ተደረደሩ። ማገዶውም እዚያው። ቆሜ አየሁ።

ለአሰለፈች ነገርኳት። ሚስቴ ሰምታ እንደጨረሰች ወደ ሥራዋ ዞረች። ከዛ እንደገና መለስ ብላ፦ «ለአዲስ አበባ ሰዎች በየሦስት ሰዓቱ ትናገራለህ፣ ለደምሴ አንዴ መናገር አቃተህ?»

ልክ ናት። ግን በሽማግሌ ፊት የተናገርኩትን እንዴት አድርጌ ልዋጥ። ጥሩወርቅ ሰማችን። የሰርግ ቀሚሷን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተች።

አህያ፦ ጉልበት። ጣቢያ፦ 0።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 11። 11 ሰዓት።

ፋጡማ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት አልመጣችም። ስትመጣ አህያዋ እስከ ሆዷ ርሳለች። ላይ ያለውን ገደል ውሃ ሞልቶት እስኪጎድል ጠብቃ ነው የተሻገረችው። ስለ ዳሱ ነገርኳት። ሳቀች መጀመሪያ። ኋላ ሳቋን ተወችው። አሸዋ ቤት አይደለም፣ የውሃ መንገድ ነው፣ አንተ የተማርክ ሰው አይደለህም እንዴ አለችኝ።

ብስክሌቴን አዙሬ ከዚራ፣ ጋራዥ። ደምሴ ከሠራተኞቹ ጋር ዛፍ ሥር ምሳ ላይ። ዳሱ ይነሳ አልኩት። ዝናብ መጣ እንዴ? አልመጣም። ደመና አለ? የለም። ታዲያ? የአህያዋን እግር ነገርኩት።

«ስማ እንጂ ይሄን ሰው! መንግሥት መሣሪያ ሰጥቶት እሱ ከአህያ እግር ያነባል።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። አልሄድኩም ግን። አሸዋው ላይ ከሆነ ልጄን አልድርም አልኩ። ይሄን ማለቴን ያወቅሁት ካልኩት በኋላ ነው።

ደምሴ እንጀራውን ጠቀለለ። ሰው እልክልሃለሁ፣ እሁድ ግን እንግዳዬ ተጨናንቆ ቢቀመጥ አንተ ነህ የምትመልሰው አለ። 9 ሰዓት ላይ ስድስት ሰው መጣ። ዳሱ ከበራችን ፊት ጠባቡ መንገድ ላይ ተተከለ። ማገዶው ግን እዚያው ቀረ። ነገ ይነሳል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12። 9 ሰዓት፣ መ/ቤት።

ዝናብ 0። ደመና ከስምንት አንድ። ሰማዩ የታጠበ ሳህን ነው። ጧት ደምሴ በመኪና ሲያልፍ ጣቱን አውጥቶ ወደ ላይ ጠቆመ፣ መንገዱን ቀጠለ። ሰፈር ውስጥ አቶ ጭቃ መባል ጀምሬያለሁ። ሰባት ሴቶች ዳሱ ውስጥ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ቦታ ጠበበን እያሉ፣ እኔን እያዩ።

ማገዶውን አላነሳንም።

ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት ተኩል። ቤት።

10 ሰዓት ላይ መጣ።

መጀመሪያ ድምፁ። የጭነት ባቡር መስሎኝ ነበር፣ በዚህ ሰዓት ግን ባቡር የለም። ከላይ ከላይ የሰዎች ፉጨት ተቀባበለ፣ ጎርፍ መጣ ማለት ነው። አሸዋው ላይ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሮጠው ወጡ፣ ሁሉም፣ ቆጠርኳቸው። ከዛ ውሃው። ቡናማ፣ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ። ማገዶዬን አንስቶ ሄደ። ቋሚዎቹ ተደርድረው በነበሩበት ቦታ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። ከላያችን ሰማዩ ሰማያዊ። አንድ ጠብታ አልወረደም።

አሰለፈች ቢላዋዋን እንደያዘች አጠገቤ ቆመች። ሰባቱም ሴቶች።

ማዶ፣ ከከዚራ በኩል፣ ደምሴ ቆሟል። ውሃው መሀላችን ነው፣ ቢጮህም አይሰማም። ባርኔጣውን አወለቀ። ቆየት ብሎ ጎንበስ አለና በእጁ ጉልበቱን ነካ፣ ጭቃው እስከዚህ ነበር እንደማለት። እኔም ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን ነካሁ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 13። ማታ 2 ሰዓት።

ውሃው ሌሊቱን ጎደለ። ሚዜዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ማገዶ ጎረቤቱ ሁሉ አዋጣ። እንግዳው ተጨናንቆ ተቀመጠ፣ ደምሴ ራሱ በርሜል ላይ። ለመጣው ሁሉ የአህያዋን ነገር ይተርካል፣ አሁን እሱ ቀድሞ ያወቀው ሆኗል። ይሁንለት። ጥሩወርቅን በጭነት መኪና አሻገሯት። ማዶ ስትደርስ እጇን አወጣች። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

ለፋጡማ ቦታ ይዤ ነበር። አልመጣችም። የሐረር አውቶቡስ ሾፌሩን ዓሊን ጠየቅሁት። ገደሉ ጋ የእግር መንገዱ ተቆርጧል። እሷን ግን ዛሬ ጧት አይቷታል፣ ከነአህያዋ፣ ከማዶ እጇን አውለብልባለታለች። ደህና ናት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14። 3 ሰዓት፣ መ/ቤት።

የሳምንቱ ዝናብ ድምር፦ 0። ለአዲስ አበባ ተላልፏል። እውነት ነው፣ ምን ልጨምርበት።

ፋጡማ ዛሬም አልወረደችም። ቤቱ ያለ ወተት ነው፣ ያለ ጥሩወርቅም። ነገ ተረኛ አይደለሁም፣ ከዓሊ ጋር ደንገጎ እወጣለሁ።

ቋሚዎቹ — ተመልሰዋል።
ሸራ — ለእድር ገብቷል።
በግ — ተከፍሏል።
ማገዶ — ለጎረቤት ተተክቷል።
ጫማ — ተከፍሏል።

ያልተከፈለ፦ የባለፈው ሰኞ ወተት።