ሦስት እምቢታና አንድ ቁልፍ

ጅግጅጋ፣ ሰኔ 2017

ውድ ጋሽ ቀናው፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ልጅዎ ገሊላስ? የድሬዳዋ ሙቀት አላስቀምጥ እንዳለዎት ባለፈው በስልክ ነግረውኛል። እኛ ደህና ነን፤ እናቴም ሰላም ብላዎታለች። ይኸው፣ ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ሲያስተምሩን እንዳሉት ሰላምታውን አስቀደምኩ። አሁን ድፍረቱ ሳይጠፋኝ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የተቀበሉኝን ሦስቱንም ዩኒቨርሲቲዎች አልመጣም ብያቸዋለሁ።

ይታየኛል፣ አሁን መነጽርዎን አውልቀው "ይቺ ልጅ አበደች እንዴ!" ብለዋል። አላበድኩም፣ ቲቸር። ለሦስቱም በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፍኩላቸው። "ስለሰጣችሁኝ ዕድል ከልብ እያመሰገንኩ፣ በግል ምክንያት መቀበል እንደማልችል በትሕትና እገልጻለሁ" አልኩ። አንዱ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ይሄኛውን ስጽፍ ግን ሳምንቴ ነው፤ የግል ምክንያቱ እርስዎ ነዎትና። አንብበው ሲጨርሱ ስሜን መስማት ሊያስጠላዎት ይችላል። ሰባት ዓመት ዝም ያልኩት ይሄንኑ ፈርቼ ነው።

መልሶቹ የደረሱኝ እማስተምርበት ሐርተሼክ ሆኜ ነው። እዚያ ኔትወርክ የሚገኘው ውኃ ታንከሩ አጠገብ ስለሆነ፣ በእረፍት ሰዓት መምህራን ሁሉ ስልካችንን ወደ ላይ ይዘን እንቆማለን፤ ቢያዩን ይስቁብን ነበር። ሦስተኛው ሲመጣ የሂሳብ መምህሩ ዳሂር በትከሻዬ አሾልቆ አይቶ ጮኸ። መምህራኑን በሙሉ የግመል ወተት ሻይ ጋበዘ። "ሦስት! አንቺ እኮ አንድ ሰው ነሽ፤ አንዱን ለእኔ ልቀቂልኝ እንጂ!" እያለ ሲያስቀን ነበር። አልዋሽዎትም፣ እኔም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሻዩን እየጠጣሁ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ሳነብ አንድ መስመር አገኘሁ። "መምህርዎ ስለ ቤትዎ በርና ስለ ቁልፉ የጻፉልን ታሪክ ኮሚቴያችንን በእጅጉ ነክቶታል" ይላል። ከልጅነቴ የሚያውቀኝ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልሽ ሲሉኝ እርስዎን እንደለመንኩ ያስታውሳሉ። በምስጢር ስለሚላክ ምን እንዳሉ አላየሁም። ጎበዝ ናት፣ ታታሪ ናት ያሉ መስሎኝ። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

እርስዎ የሚያውቁት እንዲህ ነው። በዚያ በ2010 የሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ ከተማው ሲታወክና ሶማሌ ያልሆነው ሁሉ ሲሳደድ፣ የአራት ዓመቷን ገሊላን አቅፈው የቆርቆሮ በራችንን አንኳኩ። ቁልፉ ጠፍቶ ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሆዳን እንደ ምንም ፈልጋ አገኘችና ከፈተችልዎት። በሩ ከመከፈቱ በፊት ግን ከመንገድ የተወረወረ ድንጋይ ግራ ዓይንዎን መታዎት። ሦስት ቀን እኛ ቤት ተሸሽገው ድሬዳዋ ሄዱ፤ ዓይኑ አልዳነም። ይኸው እስከ ዛሬ በፋሲካም በዒድም እየደወሉ "እንዴት ነሽ በረኛዬ? አንቺ ቁልፉን ባታገኚው ኖሮ ሁለተኛውም ዓይኔ አልነበረም" ይሉኛል።

ቁልፉ አልጠፋም ነበር፣ ጋሽ ቀናው። እጄ ውስጥ ነበር።

ድምፅዎን ገና ሲጠሩ ነው የለየሁት። "ዐዎ! ዐዎ! እኔ ነኝ፣ ቀናው!" እያሉ እናቴን በስሟ ይጣሩ ነበር። እሷ ጓሮ ሆና "ማነው?" ስትለኝ "ማንም የለም" አልኳት። ፈርቼ ነው ብል ግማሹን ነው የነገርኩዎት። ተናድጄብዎትም ነበር። ይሄ ሁሉ ቤት እያለ ለምን የእኛን? ሌላ በር አይሞክሩም? እያልኩ ቁልፉን ጨብጬ ቆምኩ። ገሊላ ስታለቅስ ሰማሁ፤ አሁንም አልከፈትኩም። ድንጋይ ቆርቆሮውን ሁለቴ መታው። ሦስተኛው ቆርቆሮውን አልመታም። ያኔ እናቴ እየሮጠች መጣችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ቁልፉን ወሰደችብኝ። የከፈተችልዎት እሷ ናት። ደሙ ፊትዎን ሸፍኖት ስለነበር አላዩም።

ታዲያ የእኔ ስም ከየት መጣ ይሉ ይሆናል። እኛ ዘንድ ጥበቃ ፈልጎ ቤት የገባ ሰው መጋን ይባላል፤ እሱን አሳልፎ መስጠት ለትውልድ የሚተርፍ ነውር ነው። እናቴ ደግሞ በመጋን የተመሰገነ ሰው ከአላህ የሚያገኘው ምንዳ ይቀንስበታል ብላ ታምናለች። እርስዎ እጇን ይዘው ሲያመሰግኗት ደነገጠች። "እኔን አይደለም፤ ሆዳን ናት፣ የጠፋውን ቁልፍ ፈልጋ ያገኘችው" አለችዎት። ምንዳዋን ላድን ብላ ምስጋናውን እኔ ላይ ጣለችው። እርስዎም በጨርቅ ባልታሰረው ዓይንዎ እያዩኝ አለቀሱ። እኔ ጉደኛዋ ምን አልኩ? "ምንም አይደል፣ ቲቸር።"

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ነገርኳት።

"ሆዮ እናቴ፣ ለጋሽ ቀናው እውነቱን ልነግራቸው ነው።"

"ሰባት ዓመት ያለፈውን ነገር ምን ይረባሻል? ልጅ ነበርሽ። እኔ ሰጥቼሻለሁ፤ የተሰጠ ነገር አይመለስም።"

"የሰጠሽኝ እኮ የሰው ዓይን ነው፣ ሆዮ።"

እናቴ ሻሿን ወደ ፊቷ ጎትታ ወጣች። ስትመለስ "እኔም አብሬሽ ልሂድ?" አለችኝ። እምቢ አልኳት፤ ቁልፉን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ዳሂር "አንቺ ሞኝ፣ መጀመሪያ ተማሪ፤ ኋላ ትናገሪያለሽ!" እያለ ይቆጣኛል። ግን ያው የእርስዎ ደብዳቤ ነው ለሦስቱም የሄደው። ኋላ ብናገርስ በየትኛው አፌ? መማር እንዴት እንደምፈልግ እርስዎ ያውቃሉ፤ የእምቢታውን ኢሜይል የላክሁ ቀን ተንሰቅስቄ አልቅሻለሁ። አሁንም ያንገበግበኛል። ለከርሞ አመለክታለሁ፤ ያኔ ስለ በር የሚያወራ ደብዳቤ አይኖርም።

ይቅርታ በወረቀት አልጠይቅዎትም። ይሄን ደብዳቤ የሚኒባስ ሹፌር ሐሙስ ያደርስልዎታል፤ እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ። አስቀድሜ የላክሁት ፊቴን ሳያዩ እንደ ልብዎ እንዲቆጡ ብዬ ነው። መጥቼ በርዎን አንኳኳለሁ። ገሊላ "ማነው?" ስትልዎት "ማንም የለም" ቢሏት አልቀየምም። የድሬዳዋ ፀሐይ ምንም አይለኝም፤ እቆማለሁ። ብቻ እባክዎ፣ ለመክፈት አይቸኩሉ፤ እኔም አልቸኮልኩም ነበር።

ተማሪዎ
ሆዳን ዐብዲወሊ