ጥርስ የሌለው ካሜራ

ማርች 14፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ሐይቁ ከካሜራ ፋብሪካው መስኮት አልታየም። ቀኑን ሙሉ አንዲት ባለጥርስ የብረት ጎማ ሳሞርድ ዋልኩ። ፊልሙን ከአንዱ ፎቶ ወደሚቀጥለው የምትገፋዋን። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህችኑ ጎማ... አሁንም ትንሽ ትጮኻለች።

ምሳ ከኡሺያማ ጋር። በአንድ ቀን ተቀጥረን አብረን አረጀን። እሱ የመገጣጠሚያው ኃላፊ ሆነ፣ እኔ ጎማዬ ላይ ቀረሁ። የሶባ ፓስታውን እየሳበ፣ "ሰማህ? አዲሱ ካሜራ ፊልም የለውም አሉ" አለኝ።

"ፊልም ከሌለው ምኑ ይዞራል?"

"ምንም።"

"እና እኔ ምን ልሠራ ነው?"

"ምንም!" ብሎ ሳቀ። ሶባዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ማርች 27፣ ሰኞ

ሃምሳ ዓመት ላለፈን ሁሉ በፈቃድ ጡረታ የመውጫ ቅጽ ታደለን። "በፈቃድ" የምትለዋ ቃል ከሥሯ ተሰምሮባታል። በማን ፈቃድ?

ለባለቤቴ ለፉሚኤ አሳየኋት። "ቤት ልትውል ነው እንዴ?" አለች። ድንጋጤዋን ልትደብቅ እንኳ አልሞከረችም። ምን ታድርግ? በትዳር ሃያ ስድስት ዓመት ኖረን የምንተያየው እሁድ እሁድ ነው።

ስሜን ሞላሁ። ፊርማው ይቆይ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ኤፕሪል 3፣ ሰኞ

ቅጹን እስክመልስ ድረስ ዲጂታል ክፍል ተመደብኩ። አለቃዬ ካራሳዋ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። መፍቻ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ! ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝ። ዛሬም ስሜ ላይ የአክብሮቱን «ሳን» ጨምራ ትጠራኛለች።

"ሞሞሴ ሳን፣ እስቲ ዛሬ ካሜራውን ይተዋወቁት።"

ተዋወቅሁት። አገላበጥኩት፣ ጀርባውን ዳበስኩት፣ በጥፍሬ ሞከርኩት። አሥር ደቂቃ ያህል። አንዱ የሶፍትዌር ሠራተኛ አላስችል አለው።

"ምን ጠፋብዎት?"

"በሩ። ፊልም የሚገባበት።"

"በር የለውም እኮ።"

አውቃለሁ። ፊልም እንደሌለውም አውቃለሁ። ለእጄ ማን ይንገረው?

ኤፕሪል 19፣ ረቡዕ

ዛሬም ማንም ምንም አልጠየቀኝም። የአሥራ ሁለት ሰው እርሳስ ቀረጽኩ። እዚህ ክፍል በእርሳስ የሚጽፍ ሰው እንደሌለ የገባኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሜይ 27፣ ቅዳሜ

ካራሳዋ ካሜራውን ይዤ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን እንድሄድ ላከችኝ። "ቢያንስ ስድስት መቶ ፎቶ ያንሱ፣ አይቆጥቡ" ብላ።

ሠላሳ ስድስት፣ የአንድ ጥቅል ፊልም ልክ፣ አንስቼ ተቀመጥኩ። በቃ፣ እጄ ቆመ። ፊልሙ ያለቀ ነው የመሰለው። የሩዝ ኳሴን አውጥቼ መብላት ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠች እናት፣ "ሩጫው እኮ ገና አልተጀመረም!" አለችኝ በቁጣ። እንደገና ተነሳሁ። እስከ ማታ ሁለት መቶ አሥራ አንድ። እያንዳንዷን ሳነሳ የሰው ዕቃ የምሰርቅ ይመስለኝ ነበር።

ሜይ 29፣ ሰኞ

ፎቶዎቹ ኮምፒውተር ላይ ተከፈቱ። ልጆቹ ሁሉ ሁለት ሁለት አፍንጫ አላቸው።

የሶፍትዌሩ ሠራተኛ፣ "እጅ ተንቀጥቅጦ ነው። መቼም በዕድሜ..." ብሎ ተወው። ካራሳዋ መሬት መሬት አየች። የሱ ንግግር ምንም አይደል፣ የሷ ዝምታ ነው ያንገበገበኝ።

ቤት ስገባ ፉሚኤን የሻይ ስኒ እስከ አፉ ሙይልኝ አልኳት። ክንዴን ዘርግቼ ያዝኩት። ጠብታ አልፈሰሰም።

"እጅህ ቀጥ ብሏል" አለች።

"ቢሮ መጥተሽ ትመሰክሪያለሽ?"

"ለዚህ ብዬ ባቡር አልሳፈርም።"

ጁን 8፣ ሐሙስ

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ቀረሁ። ካሜራውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተጫንኩ። "ቀጭ።" ደግሜ ተጫንኩ። ከ"ቀጭ" ኋላ አንዲት "ቲክ" አለች። ትንሽ፣ የጉንዳን ኮቴ የምታህል። መስታወቷ! በፊልም ካሜራም የነበረችው፣ ከሌንሱ ኋላ ያለችው። ወደ ላይ ስትነሳ የካሜራውን የውስጥ ጣሪያ ገጭታ ትነጥራለች፣ ካሜራውን በሙሉ ታንቀጠቅጠዋለች። ሁሉም ኮምፒውተር ኮምፒውተር ሲሉ የሰማት የለም።

ጎማዬ የምትገባው ከመስታወቷ አጠገብ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ጎረቤታሞች ነን። ኮቴዋን እንዴት አላውቅ?

ሲመለሱ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስሬ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ቁልፉን ከሩቅ በሚጫን ሽቦ አስነሳሁት። ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ድርብ ድርብ ሆኖ ወጣ።

የሶፍትዌሩን ሠራተኛ፣ "ጠረጴዛው ዕድሜው ስንት ነው?" አልኩት።

ካራሳዋ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ቆም ብላ፣ "ምን እናድርግ?" አለች። ሁለት ወር ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም።

መስታወቷ የምታርፍበት ለስላሳ ነገር ያስፈልጋል። ኪሴን በረበርኩ፣ ወረቀት አገኘሁ። ስምንት ቦታ አጥፌ፣ በመቀስ ከርክሜ፣ ከጣሪያው ሥር ሸጎጥኩት። አነሳን። ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ወጡ! ካራሳዋ ወደ ውስጥ አጎንብሳ ተመለከተች።

"ሞሞሴ ሳን... እዚህ ላይ 'ጡረታ' ይላል።"

"ይላል።"

"ላውጣው?"

"አይነካ! እየሠራ ነው።"

ጁን 9፣ ዓርብ

ቅጽ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን። ከአስተዳደር ደወሉ። "ቅጽዎ የት አለ?" "ካሜራ ውስጥ" አልኩ። ስልኩን ዘጉት።

ሴፕቴምበር 18፣ ሰኞ

የወረቀቱ ትራስ በስፖንጅ ተተካ፣ ስፖንጁ በሞቃት ቀን ይጣበቃል። አሁን ለመስታወቷ ፍሬን እየሠራንላት ነው። ከካራሳዋ ጋር ስንጨቃጨቅ ሰው ክፍሉን ጥሎ ይወጣል።

ኡሺያማ መጣ። የፊልም ካሜራው ማምረቻ መስመር በ29 ጠዋት በአራት ሰዓት ይዘጋል። የመዝጊያውን ንግግር የምታደርገው አንተ ነህ አለኝ። "ከአንተ በላይ ማን ያውቀዋል?" አራት ገጽ ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ እንባዬ መጣ። ሲነበብ እንዴት ልሆን ነው?

ሴፕቴምበር 29፣ ዓርብ

የፍሬኗ ስፕሪንግ ዛሬ ያዘች። ካራሳዋ ጠንክራለች አለች፣ እኔ ላልታለች አልኩ፣ ስንፈታ፣ ስንገጥም፣ ስንፈታ... በሩ ሲንኳኳ ቀና አልኩ። ኡሺያማ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሷል። እጁ ላይ ለበዓል የሚታደል ቀይና ነጭ ጣፋጭ።

"የት ነበርክ?"

ሰዓቱን አየሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል።

"ስምህን ሦስት ጊዜ ጠሩት" አለኝ። "ሰው ሁሉ ዞሮ በሩን ያያል።"

"ምን አልካቸው?"

"ሆዱን አሞት ሽንት ቤት ነው አልኩ። ዳይሬክተሩ ሊጠብቅህ ፈለገ። ሃያ ደቂቃ ቆመን ጠበቅን! ሁለት መቶ ሰው፣ አንተን፣ ከሽንት ቤት!"

መጀመሪያ የሳቀችው ካራሳዋ ናት። ከዚያ እሱ፣ ከዚያ እኔ። ግድግዳ ተደግፈን ሳቅን። ሳቁ አለቀ፣ የኡሺያማ ትከሻ ግን መንቀጥቀጡን አላቆመም። ፊቱን በጣፋጩ ሣጥን ሸፈነ።

አብሬው ማልቀስ ነበረብኝ። እንባዬ ቀረብ ብሎም ነበር። ግን ቀኝ እጄ ላይ የሩዝ ፍሬ የማታህል ብሎን ይዤ ነበር፣ ከወደቀች አትገኝም። በግራ እጄ ትከሻውን ያዝኩት። ካራሳዋ ወንበር አመጣችለት። ሻይ ቀዳችለት።

እሱ ሲረጋጋ ብሎኗን ቦታዋ አስገባኋት። ስፕሪንጓ ላልታ ነበር፤ እኔ ነኝ ልክ።