የሽመላው እግር

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ዛሬም ለሽመላው እግር ዛጎል ስቆርጥ ዋልኩ። ብዙ ሰበርኩ... አንድ ተረፈች። ዛጎሉ ከጥፍር ይሳሳል፣ መጋዙ እንደ ፀጉር ነው። ትንሽ ከጨከንክ አንዱ ይሰበራል ወይ ሌላው ይበጠሳል።

መምህሬ ሚስተር ሆንግ የሰበርኩትን ሁሉ ለቃቅመው በጠርሙስ ክዳን ላይ አመጡልኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስህተቴ ነው» አልኳቸው።

«አይደለም። ሣር ነው። ከወፉ ሥር ሣር ይበቅላል።» ክዳኑን መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ቀልድ ይሁን ትምህርት አልገባኝም።

ቤት ስገባ እማዬ፦ «ዛሬስ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«የወፍ እግር።»

«ሙሉ ቀን?»

«ሙሉ ቀን።»

«እንግዲህ...» አለችና ተወችው። እህቴ ኤፍራታ ከሶፋው ላይ ሆና በሳቅ ሞተች። «ነገ ሁለተኛውን እግር ይሠራል፣ ታገሺው እንጂ!»

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

ስለ በሩ ጽፌ አላውቅም ለካ። መጀመሪያ የነበረው እኮ እሱ ነው።

በጁላይ ከሕንፃችን ኋላ፣ ከቆሻሻ ገንዳው ጎን ተደግፎ አገኘሁት። የቁም ሳጥን በር ነው። ጥቁር... ግን ቀለም የተቀባ ጥቁር አይደለም፣ እንደ ጥልቅ ውኃ ነው። ላዩ ላይ ጥድ፣ አጋዘን፣ ሁለት ሽመላዎች፣ ሁሉም ከዛጎል። ዘወር ስትል አረንጓዴው ሐምራዊ ይሆናል። አንደኛው ሽመላ እግሩ ተነቅሏል። እንዲህ ያለ ነገር ማን ይጥላል? እዚህ ሰፈራችን ቶርንክሊፍ ውስጥ ሶፋ ሲጣል ማየት ለምጃለሁ፣ ይሄን ግን...

ተሸክሜው ባስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ «ቤትህን ይዘህ ነው የምትዞረው?» አለኝ። ሰብዌይ ውስጥ አንዲት የኮሪያ ሴትዮ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቅል አለች። «እናቴም ነበራት» አለችኝ። «ክሪስቲ ጣቢያ ውረድ። ከዳቦ ቤቱ ኋላ ሆንግን ጠይቅ።»

ጠየቅኩ። አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ሽማግሌ።

«ከቆሻሻ ነው?»

«አዎ።»

«የጣሉት ልጆቹ ናቸው። አያትየዋ ስትሞት ቁም ሳጥኑ ለኮንዶሚኒየሙ አሳንሰር ይበዛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ነኝ። ዓርብና ቅዳሜ ዌርሃውስ፣ ሌላውን ቀን ሚስተር ሆንግ ጋ። ኮሌጅ ስለ ቤት ዕቃ ዲዛይን ስንት ዓመት ስማር ይሄን ማንም አላሳየኝም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25

ሚስተር ሆንግ ዛሬ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ይንቀጠቀጣል። ሻይ ሲይዙ አይቼ ነበር፣ ዕድሜ ነው ብዬ...

«እጄ እኔን መስማት ትቷል» አሉ። ማርች ላይ ቫንኩቨር ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። ከዚያ ደግሞ እንደዋዛ፦ «እስከዚያ ኦት መቀባት ከቻልክ ክፍሉንም መሣሪያውንም ላንተ ትቼ እሄዳለሁ። ካልቻልክ እዘጋዋለሁ።»

ኦት የሚሉት ያንን የበሩን ጥቁር ነው። ከዛፍ የሚደማ ሙጫ ነው። ዛጎል መቁረጥ ግማሹ ነው፣ ኦት ካልቀባህ ባለሙያ አይደለህም። በዚህ ከተማ ከእሳቸው ሌላ የሚቀባ ሰው አያውቁም።

ለእኔ! ክፍሉን ለእኔ! ከክሪስቲ እስከ ፔፕ በሰብዌይ ቆሜ ነው የመጣሁት፣ ወንበር ባዶ እያለ። መቀመጥ አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

የመጀመሪያ ቀኔ ከኦት ጋር። በበሩ ላይ ሳይሆን በቁራጭ እንጨት ላይ።

ሲታይ ማር ይመስላል። ከዚያ ዓይንህ እያየ ይጠቁራል። የሚገርመው... የሚደርቀው በእርጥበት ነው! እርጥብ ፎጣ የተሰቀለበት ሳጥን ውስጥ ይዘጋበታል። ደረቅ ቦታ ካስቀመጥከው እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ሦስቴ ጠየቅኳቸው፣ ሦስቴም ሳቁብኝ።

ጓንት አስለበሱኝ። «ኦት ሰውን ይፈትሻል። እርጥቡ ነው የሚናከሰው። አንዴ ከደረቀ ሕፃን ቢልሰው አይነካውም። ቢያሳክክህ ንገረኝ፣ እንዳትደብቀኝ።»

«እሺ» አልኳቸው። ምንም የለም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

አለ።

መጀመሪያ የእጄ አንጓ፣ ጓንቱ የሚያልቅበት ጋ። ከዚያ በጣቶቼ መሃል። ዛሬ የግራ ዓይኔ አብጦ ተዘጋ። ዌርሃውስ ሱፐርቫይዘሩ «ማን መታህ?» አለ። ዛፍ መታኝ ልበለው?

እማዬ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮት አዞረችኝ። «ይሄማ የማንጎው ነው!»

«የምን ማንጎ?»

«አርባ ምንጭ አክስትህ ጋ ስንሄድ ማንጎ በጥርስህ ስትልጥ ከንፈርህ እንዲህ ይሆን ነበር። ልጣጩን ተው ብትባል መቼ ሰምተህ።»

«እማዬ፣ እኔ ማንጎ አልበላሁም።»

«እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።» ተሳሳቅን። ስስቅ ፊቴ ተሰነጠቀ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ሚስተር ሆንግ ገና በሩ ላይ እንዳዩኝ፦ «ወጣብህ?»

ደስ ያላቸው መሰለኝ! ወንበር አመጡልኝ። «ወንድሜ ሦስት ወር ፊቱ እንደ ዱባ ነበር። እናታችን እያለቀሰች ነው ያጎረሰችው። ከዚያ ለመደው። እስኪሞት ድረስ በባዶ እጁ ነው የቀባው።»

«ያልለመዳቸውስ?»

ብሩሻቸውን ሲያጥቡ ቆዩ። ከዚያ «አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ አገራቸው ሄዱ» አሉ።

እኔን ይለምደኛል። እንዴት እንደማውቅ አላውቅም፣ ግን አውቃለሁ።

እስኪድን ዛጎል ብቻ። ያቺ ሴፕቴምበር ላይ የተረፈችውን እግር ዛሬ በሩ ላይ ለጠፍናት። ትንሽ ወፈር ብላለች። «ሪህ ያለበት ሽመላ ነው» አሉ። ደግሜ ልቁረጥ ብላቸው እምቢ አሉኝ። «አይሆንም፣ በእሷ ይቁም።»

እሁድ፣ ኦክቶበር 26

ዳነ፣ እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና ወጣ። አሁን አንገቴም ላይ። ውኃ የቋጠረ... መጻፍ ያሳክካል።

ቸርች ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ጋሽ ገብረክርስቶስ እጄን ሲያዩ እንደመራቅ ብለው ትከሻዬን ያዙ። አልፈረድኩባቸውም።

ስንመለስ ባስ ላይ እማዬ ቀስ ብላ፦ «ኖላዊ፣ ልጠይቅህ... ሁሉም ጸለየልህ፣ እኔ ግን ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ።»

«ይፈውሰኝ በያ።»

«ይፈውስህ ልበል? ወይስ ያስተውህ ልበል? የቱን?»

በመስኮቱ አየሁ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ሚስተር ሆንግን ስለ ዶሮው ጠየቅኳቸው። ስልኬ ላይ አነበብኩ፣ አገራቸው የኦት ዛፍ ቅርፊት ከዶሮ ጋር ቀቅለው የሚበሉ አሉ፣ ሰውነት እንዲለምድ። ተቆጡኝ። ተቆጥተው አያውቁም። «እሱን የሚበላው ሊሞትም ሊለምድም የተስማማ ሰው ነው! አንተ እናት አለህ!»

እሺ። ዶሮው ይቅር።

ግን በጥቂት በጥቂቱስ? ክትባትስ እንዲህ አይደል? በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ነጥብ ክንዴ ላይ... በየቀኑ። ማንም ሳያይ። እጅጌ ሥር ማን ያየዋል?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ነጥቦቹ ቀይ ናቸው። ግን ትናንሽ። እየለመደኝ ይሆን?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

እየለመደኝ ነው መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

አልለመደኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱም ዓይኔ አልከፈት አለ። በጨለማ «ኤፍራታ!» ብዬ ጮህኩ። እሷ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ብዙ አይታለች... እኔን ስታይ ግን ድምጿ ተቀየረ። ኡበር ጠርታ፣ ጃኬቴን ልታለብሰኝ እጅጌዬን ስትሰበስብ ክንዴን አየች።

«ኖሌ፣ ይሄ ምንድነው? እነዚህ በመስመር የተደረደሩት?»

ነገርኳት።

«አንተ ራስህ? ራስህ ቀባኸው?» ከዚያ መንገዱን ሁሉ እጄን አልለቀቀችም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ብዙ አልጠየቀችም። «ማንጎ ስትልጥ ያምህ ነበር?» አለች። ኤፍራታ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። አንድ ዘር ናቸው አለች ሐኪሟ፣ የማንጎ ልጣጭና ያ ዛፍ። ሰውነቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀዋል። «አይለምድህም። በነካህ ቁጥር ይብሳል እንጂ አይቀልም። በየቀኑ የምትነካው ሥራ ከሆነ... ሌላ ሥራ።»

ሌላ ሥራ። እንደ ሌላ ጫማ።

በስንፍና ቢሆን እበረታ ነበር። ባላውቅበት እማር ነበር። ቆዳን ምን ይሉታል? ማንን ነው የሚለምኑት?

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ለሚስተር ሆንግ ልነግራቸው ሄድኩ። ያውቁ ኖሯል፣ ኤፍራታ ኮል አድርጋላቸዋለች። ኦት የሚቀባበትን የውስጡን በር አልከፈቱልኝም። በመካከላችን አንዲት ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች፣ በእሷ በኩል አወራን። እሳቸው ለመሰማት ይጮሃሉ፣ እኔም እጮሃለሁ።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ጊዜ የለንማ! ማርች ደረሰ!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሥራ ጀመሩ። ያንን የእኔን በር ነው የሚቀቡት። ብሩሹ በሩ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይንቀጠቀጣል... ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንቀው ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ አንድ ጊዜ ይስቡታል። ያርፋሉ። ደግሞ አንድ ጊዜ። አንዴ ሳተና ጥዱ ላይ ተዝረከረከ። በጨርቅ ጠረጉት። እንደገና።

እጄን መስታወቱ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። አየሁት። የእኔ እጅ አይንቀጠቀጥም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

ሚሲሳጋ ያለ የኪችን ካቢኔት ድርጅት ኢንተርቪው ጠራኝ። በኮምፒውተር በር መንደፍ ነው። ነጭ በር፣ ሌላ ነጭ በር። «ፓሽንህ ምንድነው?» አሉኝ። «በሮች» አልኩ። ወደዱት።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 23

ሥራውን አገኘሁ። እማዬ እልል አለች፣ ከዚያ ዞራ አየችኝና መሃል ላይ አቆመችው።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ከሚስተር ሆንግ ሜሴጅ፦ «ሌላ ድርብ ቀባሁ። ለመድረቅ ቀስ ይላል። ሳጥኑ ሥር ውኃ አለ።» ከሥሩ የበሩ ፎቶ፣ ደብዝዟል። ያደበዘዘው እጃቸው ነው።

«የሚረከብ ሰው ተገኘ?» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ልጅ መጥቶ ነበር አሉ፣ ቪዲዮ ቀርፆ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ማርች 28

ክፍሉ ባዶ ነው። መሣሪያው ሁሉ በካርቶን፣ ለቫንኩቨር። «እዚያ ይሠሩበታል?» ስላቸው «ልጄ ጋራዥ አላት» አሉ። መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

በሩ ግድግዳው ተደግፎ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይጠብቀኛል። «ደርቋል። አንድ ወር ሙሉ ደርቋል። ንካው።»

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ያ ጥቁር... ውስጡ ፊቴን አየሁት። ጥዱ ላይ አንድ ቦታ ሞገድ አለ፣ እጃቸው የሳተበት። ሽመላው በሁለት እግሩ ቆሟል፣ አንዷ ወፈር ብላ። ከእግሩ ሥር ደግሞ ድሮ ያልነበረ ሣር። ቀጫጭን፣ የተሰባበረ፣ በየአቅጣጫው የሚያብለጨልጭ ሣር።

«ክዳኑ ላይ የነበረው ነው?»

«ሁሉም። አንድ አልጣልኩም።»

እጃቸውን ልይዝ ስል ሸሸት አሉ፣ ጥፍራቸው ሥር ኦት ይኖር እንደሆነ ፈርተው። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳኋቸው፣ እሳቸውም ጎንበስ አሉልኝ።

በሩን እንደመጀመሪያው በሰብዌይና በባስ አመጣሁት። ማንም ምንም አላለኝም። ሳሎን፣ ከቲቪው ጎን አቆምኩት። ከዚያ መዳፌን ሽመላው ላይ አድርጌ ቆየሁ። ቀዝቃዛ ነው። ለስላሳ። የትኛው እንጨት የትኛው ዛጎል እንደሆነ በእጅ አይለይም።

እሁድ፣ ማርች 29

ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት እጄን ነው። መዳፌን፣ የጣቶቼን መሃል፣ አንጓዬን።

እማዬ ለቸርች እየለበሰች «አሳየኝ እስቲ» አለች። አሳየኋት። ወደ መስኮት ወስዳ ገለባበጠችው።

«ምንም የለም» አለች። «ንጹሕ ነው። ተመስገን!»

ንጹሕ ነው። የደረቀው አይናከስም። ነጠላዋን ልታመጣ ስትገባ መዳፌን በሩ ላይ መልሼ አደረግኩት። አጥብቄ።